የታፈነው ቃጭል

አባባ ኢሳኩን ሞተው ያገኘኋቸው እኔ ነኝ። የሚያኮራ ነገር የለውም፤ የወጣሁት ለአክስቴ የሶባ ፓስታ ምግብ ቤት የሚጠበስ የጫካ ቅጠል ልለቅም ነበር። ትምህርት ካቆምኩ ወዲህ የኔ ሥራ ይኸው ነው፤ ጫካ መውጣት፣ መልቀም፣ መውረድ፣ ከዚያ እስኪመሽ ሰሃን ማጠብ።

ፀሐይ ገና መውጣቷ ነው። በሰሜኑ ተዳፋት ጥላ ጥላው ላይ በረዶው ቁራሽ ቁራሽ ሆኖ ቀርቷል። ቃጭሌ ቦርሳዬ ላይ ቅጭል ቅጭል ትላለች። በኛ መንደር ያለ ቃጭል ጫካ የሚገባ የለም። ድቦቹ ከክረምት እንቅልፋቸው የሚነሱት በሚያዝያ ነው፤ ተርበው፣ ተበሳጭተው፣ ልክ እንደ አክስቴ። ቃጭል ከሰሙ ግን ሰው መምጣቱን አውቀው ይሸሻሉ።

መጀመሪያ ያየሁት ቦት ጫማቸውን ነው። አባባ ኢሳኩ ከተዳፋቱ ግርጌ ድንጋዮቹ መሃል በጎናቸው ተኝተዋል።

"አባባ፣ ብርድ ይመታዎታል እኮ" አልኳቸው።

ከዚያ ከጆሯቸው በላይ ያለውን ደም አየሁ። ቃጭላቸውንም አየሁ። እንደ ሁልጊዜው ቀበቷቸው ላይ ታስሯል፤ ግን በሰማያዊ ጨርቅ ተጠቅልሎ በክር ተተብትቧል። በጣቴ ነካ አደረግሁት። ድምፅ አልሰጠም። ከደሙ ይልቅ ያስደነገጠኝ እሱ ነው።

ቁልቁል ሮጥኩ። ሚስታቸው እማማ ቶዮ ወጥ ቤት ውስጥ ሾርባ እያማሰሉ ነበር።

"እማማ፣ አባባ ኢሳኩ ወድቀዋል።"

ጭልፋውን አስቀመጡ። ጋዙን አጠፉ። ከኔ ቀድመው ወጡ። ያቺ ጎባጣ ሴትዮ ሽቅብ ስትወጣ እኔ ከኋላ ነበር የማለከልከው።

*

ኢንስፔክተር ዋኩይ ከከተማ ሲደርሱ እያለቀሱ ነበር። ምን ዓይነት ሆደ ቡቡ ፖሊስ ነው ብዬ ልቤ ተነካ። ለካ የጥድ ብናኝ ነው። በየዓመቱ ጥዱ ሲያብብ ግማሹ አገር እንዲህ ያለቅሳል፤ እሳቸው ግን ዓይናቸው የተቀቀለ ሽሪምፕ መስሏል።

ሶባ ቤታችን ገብተው ጥጉ ላይ ቁጭ አሉ፤ ጫማቸውን ለማውለቅ እንኳ አቅም ያጡ ይመስላሉ።

"የሚበላ ነገር አምጪልኝ። ጣዕሙ አይሰማኝም፣ ስለዚህ ርካሹን።"

"ርካሹም ጣዕም አለው" አለች አክስቴ ከውስጥ።

"አልተጠራጠርኩም እመቤት።" አፍንጫቸውን ተናፈጡ። "አንቺ ልጅ፣ ስምሽ ማነው?"

"ቺዙ።"

"ቺዙ፣ ሟቹ በዚያ ሰዓት እዚያ ምን ይሠሩ ነበር?"

"ቢራቢሮ ይጠብቁ ነበር።"

ቀና ብለው አዩኝ። ስቀልድ መስሏቸዋል። ስለዚህ ነገርኳቸው። ተራራችን ላይ የፀደይ እመቤት የምንላት ቢራቢሮ አለች። ቢጫና ጥቁር መስመር ያላት፣ ኋላ ክንፏ እንደ ጭራ የሾለ፣ ጭራዋ ጋ ቀይና ሰማያዊ የተቀባባች። በዓመት አንዴ፣ በረዶው ሲቀልጥ ወጥታ፣ የጫካው አበባ ሲረግፍ ትጠፋለች። ዓይነቷ ሁለት ነው፤ ትልቋና ትንሿ። ሌላው ቦታ አንዷ ካለች ሌላዋ የለችም። እኛ ተዳፋት ላይ ግን ሁለቱም ይገናኛሉ፣ አንዳንዴም ይዳቀላሉ። ዲቃላዋን ለመያዝ ከከተማ መረብ ይዘው የሚመጡ ትልልቅ ሰዎች አሉ፤ እብዶች።

"እና ሰውዬው መረብ የያዘውን ያባርራሉ።"

"እሱ ቀላሉ ነው። ዋናው ማጨድ ነው። ከእንቁላሏ የሚፈለፈሉት ትሎች የሚበሉት የዱር ዝንጅብል ቅጠል ብቻ ነው። በየመኸሩ ቁጥቋጦው ካልታጨደ ዝንጅብሉ ይታፈናል፣ ቢራቢሮም የለም። ድሮ መንደሩ በሙሉ ያጭድ ነበር አሉ። አሁን አባባ ኢሳኩና እማማ ቶዮ ብቻ። ሌላው ወይ ሞቷል፣ ወይ ከተማ ገብቷል፣ ወይ ወገቤን ይላል።"

"አንቺስ?"

"እኔ ወገቤን ነው የምለው።"

ሊስቁ ሲሉ አስነጠሳቸው።

*

ከሰዓት በኋላ እኔና ኢንስፔክተሩ ወደ ተዳፋቱ ወጣን። ቦታውን አሳዪኝ ስላሉኝ ነው። ለእሳቸውም ከሱቃችን ቃጭል አሰርኩላቸው። እንደ ፍየል ሆንኩ ብለው አጉረመረሙ።

"ቃጭሉን ገዳዩ ይሆን የጠቀለለው?" አሉኝ እያለከለኩ። "ሰውዬው ተንቀሳቅሶ ሰው እንዳይሰማ።"

"ከሞተ በኋላ ማን ይንቀሳቀሳል?"

"እሱም ልክ ነው።" ቁጭ አሉ። "ደክሞኛል ቺዙ። ሃያ ዓመት ሙሉ ደክሞኛል።"

እሳቸው የተቀመጡበት ጋ ነው ነገሩን ያየሁት። የዱር ዝንጅብሉ ቦታ ቦታው ላይ የለም። ቅጠሉ ልብ ይመስላል፤ መሬቱን ሞልቶት ይውል ነበር። አሁን መሃል መሃሉ ባዶ ነው። ኢንስፔክተሩ የደረቀውን የዛፍ ቅጠል በእጃቸው ገለጥ አደረጉት። ከሥሩ የተቆፈረ ጉድጓድ አለ፤ ግን አፈሩ ተመልሶ ተጠቅጥቋል፣ ላዩ በደረቅ ቅጠል ተሸፍኗል። ሌላውንም ገለጡ። እንደዚያው ነው።

"ሌባ እንዲህ ያለብሳል?" አሉ።

አፌ ቀደመኝ። "የከተማ ሰው አያለብስም። እኛን ነው ከልጅነታችን የሚያስተምሩን። መሬቱን የነካ መልሶ ያልብሰው፣ ሥሩን ውርጭ እንዳይመታው ይሉናል።"

ከተናገርኩ በኋላ ነው የገባኝ። ሌባው የኛው ሰው ነው ማለቴ ነበር። መንደራችን ውስጥ ደግሞ ቀድሞ የተያዘ ሌባ አንድ ብቻ ነው፤ ወንድሜ ታኩማ።

*

ታኩማ አሥራ ስድስት ዓመቱ ላይ የሰው ሞተር ሳይክል ሰርቆ የወጣት ጥፋተኞች ማረሚያ ገብቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከአክስቴ ሊጥ ቤት ወጥቶ አያውቅም። ሶባ ይከትፋል፣ ይነጫነጫል፣ እኔን ቁንጫ ይለኛል። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ግን ናጎያ ከተማ ጋራዥ ሊቀጠር ነው። ያን ሥራ ያገኘለት ሞጊ የሚባል ሰውዬ ነው፤ አንደኛው መረብ ያዥ። መንደሩ ጫፍ ያለው ማረፊያ ቤት ካረፈ ቀናት ሆኖታል።

ኢንስፔክተሩ ሁለቱንም ሶባ ቤታችን ውስጥ ፊት ለፊት አስቀመጧቸው።

"ጎህ ሲቀድ የት ነበርክ?" አሉት ታኩማን።

"ከሞጊ ጋር። ደቡቡ ተዳፋት ላይ።"

ሞጊ ሻዩን ፉት አለ። ዘናጭ ሰው ነው፤ የጫካ ልብሱ እንኳ ተተኩሷል። "እኔ ተኝቼ ነበር" አለ። "እኔ ሳይንስ ነው የማጠናው። የዚችን ቢራቢሮ ዘመዶች ኮሪያም ቻይናም ሩሲያ ጠረፍም ሄጄ አይቻለሁ። ከመንደር ዱርዬ ጋር በጨለማ ምን እሠራለሁ?"

ታኩማ ፊቱ ነጣ። "ሰውዬ፣ ምን ነካህ?"

"ሰሜኑ ተዳፋት ላይ ዝንጅብል እየቆፈርክ ሽጥልኝ አላልኩህም፤ ጨረስኩ።"

"ማንም አልጠየቀዎትም እኮ" አሉ ኢንስፔክተሩ አፍንጫቸውን እየጠረጉ።

ግን ታኩማን ወሰዱት። ምን ያድርጉ፤ ቦት ጫማው ጭቃ ነው፣ የቀድሞ ጥፋት አለበት፣ ምስክሩ ካደው። በማግስቱ ወደ ከተማ ዐቃቤ ሕግ ካስተላለፉት ጋራዡም ቀረ፣ ሁሉም ቀረ። መኪናው ውስጥ ሲገባ ዞሮ አየኝ።

"ቁንጫ፣ ሊጡን እርጥብ ጨርቅ አልብሺው። ይደርቃል።"

የነገ ጠዋቱን ሊጥ ነው የሚያስበው። አክስቴ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች።

*

በነጋታው ማለዳ ኢንስፔክተሩ የሞጊን ካሜራ ይዘው መጡ። ዓይናቸው ከትናንቱ ብሶበታል።

"እዪ እስኪ። ትናንት ጥዋት ተኝቼ ነበር ይላል። ፎቶዎቹ ከትናንት ወዲያ እኩለ ቀን ላይ የተነሱ ናቸው ይላል። የካሜራው ሰዓት ደግሞ ተበላሽቷል።"

አየሁ። ሐምራዊዎቹ የጫካ አበቦች ናቸው። አንዷ ላይ ትንሿ ቢራቢሮ ክንፏን አጥፋ ተለጥፋለች፣ በብርድ ደንዝዛ። አበቦቹ እንደ ጃንጥላ ተከድነዋል።

"እኩለ ቀን አይደለም" አልኳቸው። "ፀሐይ ስታገኛቸው ቅጠላቸው ወደኋላ ይቀለበሳል። ይሄ ጎህ ነው።"

"እኔም ውርጩን አይቼ እንደዚያ ብያለሁ። ግን የትኛው ጎህ?"

የፎቶው ጥግ ላይ አበባዋን በባትሪ የሚያበራ እጅ ይታያል። አውራ ጣቱ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሏል። ታኩማ ጣቱን የቆረጠው አባባ ኢሳኩ ከመሞታቸው በፊት በነበረው ምሽት ነው፤ ሶባ ሲከትፍ፣ እኔን ሲሳደብ። ፋሻውን ያሰርኩለት ራሴ ነኝ። ቋጠሮው ጥንቸል ጆሮ ይመስላል፤ ሆን ብዬ ነው እንዲያፍርበት።

"የኔ ቋጠሮ ነው" አልኩ።

"ስለዚህ ሞጊ ዋሽቷል። የተከለከለ ጫካ ውስጥ መረብ ይዞ ነበር፣ ፈራ።" ወንበር ስበው ተቀመጡ። "ግን አለቃዬ ፎቶው ደቂቃውን አይናገርም ይሉኛል። ከደቡቡ ወደ ሰሜኑ ተዳፋት መሻገር ይቻላል። ለዛሬ ከሰዓት ሌላ ነገር ካላመጣሁ ወንድምሽ ይተላለፋል።"

አክስቴ ሾርባ አስቀመጠችላቸው። ዛሬ ርካሹን አይደለም።

"እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አሉ ቀስ ብለው። "ሽማግሌው ቃጭላቸውን ራሳቸው ነው የጠቀለሉት። ክሩ በግራ እጅ ነው የታሰረው፤ ግራኝ ነበሩ። ለምን?"

"ሌባውን ሊያደፍጡበት ነዋ። ቅጠል የሚሰርቅ አለ እያሉ ሰሞኑን ሲበሳጩ ነበር።"

"ሌባውስ ቃጭል ያስራል?"

"ሞኝ ነው እንዴ የሚያስረው?"

"ስለዚህ ሁለት ድምፅ የሌላቸው ሰዎች። ጎህ ነው፣ ጭጋግ ነው። አንዱ ጎንበስ ብሎ ይቆፍራል። ሌላው ከቁጥቋጦ ዘሎ ይወጣል። ቆፋሪዋ አንቺ ብትሆኚ፣ ቃጭል የሌለው ትልቅ ነገር ከኋላሽ ቢመጣ፣ ምን ነው ብለሽ ታስቢያለሽ?"

"ድብ" አልኩ። ማሰብም አላስፈለገኝ።

ኢንስፔክተሩ ሾርባውን ገፋ አደረጉት።

"ሐኪሙ አንድ ምት ብቻ ነው ይላል። በዶማ ጀርባ። የቀረውን ድንጋዩ ነው የጨረሰው። ሊገድል የመጣ ሰው አንዴ መትቶ፣ ያውም በጀርባው፣ አይቆምም።" ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጨፈኑ። "ቺዙ፣ አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ሮጠሽ ሄደሽ ለሚስታቸው ስትነግሪያቸው ምን አልሽ? ቃል በቃል።"

"አባባ ኢሳኩ ወድቀዋል አልኩ።"

"እሳቸውስ የት ብለው ጠየቁሽ?"

ጭልፋው ትዝ አለኝ። ጋዙ ትዝ አለኝ። ከፊቴ ሽቅብ የሚወጣው ጎባጣ ጀርባ፣ ወደ ደቡቡ መታጠፊያ ዞር እንኳ ሳይል። እናቴ የሞተች ሰሞን በየቀኑ ሩዝ ጠቅልለው የሚያመጡልኝ እማማ ቶዮ ናቸው። ጠይቀውኛል ብል ማን ያውቃል። ታኩማ ግን ለሊጡ እርጥብ ጨርቅ ብሎኛል።

"አልጠየቁኝም" አልኩ።

ኢንስፔክተሩ አላመሰገኑኝም። ለዚያ ወደድኳቸው።

*

የእማማ ቶዮ ቤት ከጫካው ጫፍ ነው። የለቅሶ ቤት ስለሆነ ቃጭላችንን በሩ ላይ ፈትተን ገባን። የአባባ ኢሳኩ ፎቶ ፊት ሩዝ በሳህን ተቀምጧል፣ ለሟች እንደሚደረገው የመብያ እንጨቶቹ ቀጥ ብለው ተተክለውበታል። እማማ ቶዮ ሻይ ቀዱልን። ፊታቸው የታጠበ ጨርቅ መስሏል።

"ዓይንዎን ያምዎታል" አሉ ኢንስፔክተሩን።

"ጥዱ ነው እማማ።"

"ሰውዬዬም እንደዚህ ነበር። ፀደይ በመጣ ቁጥር እያለቀሰ ነበር ተራራ የሚወጣው።"

በዚያን ጊዜ ነው በመስኮቱ ያየኋት። መሬት ለመሬት፣ ቀስ ብላ፣ እንደ ደከመው ሰው ታርፋለች፣ ትነሳለች። ቢጫና ጥቁር። ትልቋ ናት። እዚህ ግቢ ቢራቢሮዋ መጥታ አታውቅም፤ ምን ልትሠራ ትመጣለች? ኢንስፔክተሩም አዩዋት። ምንም ሳይሉ ሻያቸውን አስቀምጠው ወጡ። እኔም ተከተልኩ።

ከመታጠቢያ ቤቱ ጀርባ ጥላ ውስጥ ነው የገባችው። እዚያ አዲስ የተኮተኮተ መደብ አለ፤ የዱር ዝንጅብል ተተክሎበታል፣ ሥር ሥሩ ደረቅ ቅጠል ለብሷል፣ ውኃም ጠጥቷል። ቢራቢሮዋ ሆዷን አጥፋ ቅጠሉ ጀርባ ላይ እንቁላል ትጥላለች። ሌሎቹን ገለጥ አደረግሁ። አብዛኞቹ ጀርባቸው ላይ እንደ ዶቃ የተደረደረ እንቁላል አለ።

ግድግዳው ላይ ምስማር አለ። ምስማሩ ላይ የእማማ ቶዮ የጫካ ቦርሳ ተሰቅሏል፣ ቦርሳው ላይ ቃጭላቸው። በሰማያዊ ጨርቅ ተጠቅልሏል።

ኢንስፔክተሩ ከኪሳቸው ትንሽ የላስቲክ ከረጢት አወጡ፤ የአባባ ኢሳኩ ጨርቅ አለበት። ሳይፈቱት ከዚኛው ጎን አስጠጉት። ከአንድ አሮጌ ፎጣ የተቀደዱ ናቸው። የፎጣው የሞገድ ሥዕል ከአንዱ ጀምሮ ሌላው ላይ ያልቃል።

"እሱም ከዚሁ ፎጣ ነው የቀደደው?" አሉ እማማ ቶዮ ከኋላችን። ያን ጠዋት የአባባን ፊት ብቻ ሲያዩ ስለነበር ጨርቁን ልብ አላሉትም። "እኔ አይጥ በልቶት መስሎኝ።"

መታጠቢያ ቤቱ ደፍ ላይ ተቀመጡ።

"አምና ሁለቴ ወደቀብኝ። ልቡ ነው። ሐኪሙ ተራራ አትውጣ ቢለው እሺ እያለ ይወጣል። መኸር ሲመጣ ማጭዱን ይስላል። እኔም ደክሞኛል ኢንስፔክተር፣ ወገቤ አይነሳም፣ ግን እሱ ካጨደ እንዴት እቀመጣለሁ? ቅጠሉ ካለቀ ይተዋል ብዬ ነው። ትንሽ ትንሽ እያልኩ ቆፈርኩት።"

"ለምን አልጣሉትም?" አሉ ኢንስፔክተሩ።

"እንቁላል ነበረበታ።"

ቢራቢሮዋ ሥራዋን ቀጥላለች።

"ከወዲያኛው ክፍል ያንኮራፋል ብዬ ነው የወጣሁት። ለካ ቀድሞኝ ወጥቷል። ከቁጥቋጦው ሲመጣ ቃጭል የለም። ቃጭል የሌለው ደግሞ…" ጉልበታቸውን አሻሹ። "ሳልዞር ነው የመታሁት። ከዚያ ድቡ ስሜን ጠራኝ።"

የያዝኩትን ቅጠል ለቀቅሁት።

"ልነግራችሁ ነበር። ሩዙን ልቀቅል፣ ከዚያ እነግራለሁ እላለሁ። ሰሃኑን ልጠብ፣ ከዚያ። ሰው ይመጣል፣ ሻይ አቀርባለሁ፣ ይሄዳል። ማን ይቸኩላል ብዬ።"

"እማማ" አልኩ፣ "ታኩማን ይዘውታል።"

ቀና ብለው አዩኝ። እውነትም አልሰሙም። የለቅሶ ቤት ወሬ አይገባም፤ መንደሩ በሙሉ እሳቸውን እንዳያስጨንቅ አፉን ዘግቶ ነበር።

"የኛን ታኩማ? በምን?"

"በዚህ።"

ግድግዳውን ይዘው ተነሱ። "ታዲያ ምን ታስቀምጡኛላችሁ?" አሉ። "እንሂድ እንጂ።"

*

እማማ ቶዮ ጫማቸውን ቀየሩ። ጋዙን አዩ። ቦርሳቸውን ከምስማሩ አንስተው ጀርባቸው ላይ አደረጉት፤ ማስረጃ ነው፣ ግን ኢንስፔክተሩ አልከለከሉም። ጨርቁን ብቻ በጥንቃቄ ፈትተው ከረጢት ውስጥ ከተቱት። መኪናው የቆመው ከጫካው ማዶ ነው፤ ስለዚህ ቃጭሏ በየእርምጃቸው ጮኸች። የጫካው መንገድ መታጠፊያ ጋ እስኪሰወሩ፣ ከተሰወሩም በኋላ ይሰማኝ ነበር።

"ቅጠሎቹን ውኃ አጠጪ" ነበር ያሉኝ ሲሄዱ። "ወደ ተዳፋቱ አትመልሻቸው። ማን ይወጣል?"

ታኩማ ያን ቀን ማታ ገባ። ፋሻውን ፈትቶ ጣለው፣ ሊጡ ደርቋል ብሎ ሰደበኝ፣ ከዚያ ሊጡ ላይ ተደፍቶ ብዙ ቆየ። ናጎያ ሄደ። ሞጊ ሳይሆን ጋራዡ ራሱ ደውሎ ነው የጠራው።

ከመታጠቢያ ቤቱ ጀርባ እንቁላሎቹ ተፈለፈሉ። ጥቁር፣ ፀጉራም፣ አስቀያሚ ትሎች ናቸው። ጎን ለጎን ተሰልፈው በአንድ ላይ ይበላሉ፣ በአንድ ላይ ይተኛሉ። ቅጠሉ በቂ አልነበረም። ከተዳፋቱ እየለቀምኩ አመጣሁላቸው፣ እየተሳደብኩ።

መኸር ላይ ኢንስፔክተር ዋኩይ መጡ። ዓይናቸው ደርቆ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው፤ ለካ ቡናማ ነው። የአባባ ኢሳኩን ቃጭል መለሱልኝ፤ እማማ ቶዮ ለቺዙ ስጧት ብለው ፈርመዋል። ፍርዱ ቀለል እንዳለላቸው ነገሩኝ። እስከ ፀደይ ግን አይወጡም። ከዚያ ርካሹን ሶባ አዘዙ፣ ቀመሱት፣ ሳህኑን ሲያዩ ቆዩ።

"ለካ እውነትም ጣዕም አለው" አሉ።

በማግስቱ ማጭዱን ስዬ ወደ ሰሜኑ ተዳፋት ወጣሁ። ወገቤን። ቁጥቋጦው እስከ ጉልበቴ ደርሷል፣ ግማሹንም የምጨርሰው አይመስለኝም። ሁለቱንም ቃጭሎች ነው ያሰርኩት፤ የኔን ቦርሳዬ ላይ፣ የአባባ ኢሳኩን ቀበቶዬ ላይ። ድምፃቸው አይመሳሰልም። ከሩቅ የሚሰማ ሰው ካለ፣ ሁለት ሰዎች እየመጡ ነው ይላል።